የሟች ጠመንጃ በሚኒባስ

የእኔ ፊት ምስጢር አይችልም። ሌላ ሰው ሲዋሽ ምላሱ ይያዛል። እኔ ገና ለመዋሸት ሳስብ ጆሮዬ ይቀላል፣ ግንባሬን ያልበኛል፣ ሰው ሳይጠይቀኝ "ምንም አልሆንኩም" ማለት እጀምራለሁ። የትራፊክ ፖሊስ ሳይማ ጭራሽ ይብስብኛል። በእግሬ እየሄድኩ እንኳ ቀበቶ ያላሰርኩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ፖሊሱ ፊሽካ ሲነፋ ደንግጬ ቆምኩና መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ፊሽካው የተነፋው ለባጃጅ ነበር። ሰውዬው ግን መታወቂያዬን ገልበጥ አድርጎ አየና "ጥሩ ነው፣ ይሂዱ" ብሎ መለሰልኝ።

እንዲህ ያለ ፊት ይዞ የሚያዋጣው ሥራ ማስተማር ነው፤ ማስተማርም ግብረ ገብ። በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ "መልካም ዜጋ ለሕግ አስከባሪ አካል እውነቱን ይናገራል" ብዬ እጽፋለሁ። ተማሪዎቹ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ላይ ይመጣል፣ ሁሉም "እውነት" ብለው ይመልሳሉ። እኔም ራሴን እንደ መልካም ዜጋ ስቆጥር ኖርኩ። ለነገሩ ለፖሊስ የምናገረው ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ምንም የሌለው ሰው እውነተኛ መሆን አያቅተውም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የአጎቴ ሚስት ዳሜ ናት፤ እኛ አክስታችን ነው የምንላት። እያለቀሰች በወላይትኛ "ታ ናአው፣ ልጄ፣ ሻንካ ሞተብኝ" አለችኝ። አጎቴ ሻንካ ሁምቦ ውስጥ፣ ከተበላ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በቆሎ ሲያርስ የኖረ ሰው ነበር። ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷም አብራኝ በስልክ አለቀሰች። ከዚያ በአንድ ጊዜ ድምፅዋ ተለወጠና "ቀብሩ ከሰዓት ነው። ጠመንጃውን ይዘህ ና" አለች።

ይቺን ጠመንጃ ላስተዋውቃችሁ። አጎቴ ለሕክምና ሶዶ ሲመጣ ቤት ትቼያት አልመጣም ብሎ በጋቢው ጠቅልሎ ይዟት መጣ። ሲመለስ እሱን ራሱን ሁለት ሰው ደግፎት ነው የወጣው፣ ጠመንጃዋን ያስታወሰ የለም። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው አልጋችን ሥር ነው። ሚስቴ ስትጠርግ እንደተኛ እንግዳ ዙሪያዋን ትጠርጋለች እንጂ አትነካትም። አሮጌ ናት፤ ሰደፏ በሽቦ ታስሯል። ሥራዋ አሳማ ከበቆሎ ማባረር ነበር። አጎቴ አንድ ጊዜ በእውነት አነጣጥሮ እንደተኮሰባት እኔ አውቃለሁ፣ አብሬው ነበርኩና። አሳማው አመለጠ። የሞተችው የራሳችን ፍየል ናት። ሥጋዋን በልተን ስናበቃ አጎቴ ከንፈሩን ጠርጎ "ይህ ከዚህ ቤት አይወጣም" አለን፤ አልወጣምም። ከዚያ በኋላ በአገሩ ሁሉ "አሳማ ገዳዩ ሻንካ" እየተባለ ኖረ።

አሁን ደግሞ ለምን ጠመንጃ ለቅሶ ላይ እንደሚፈለግ። በእኛ አገር አንድ ትልቅ ሰው ሲሞት ዕቃውም ለቅሶ ይወጣል። ፈረስ የነበረው ፈረሱ፣ ጦርና ጋሻ የነበረው ጦርና ጋሻው ሜዳ ወጥቶ ይዞራል፤ ወንዶቹ ተሸክመው እየፎከሩ ሟቹ ምን እንደሠራ ይናገራሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ይህን ነገር እምብዛም አይወዱትም። ስለዚህ መጀመሪያ ይጸለያል፣ ይዘመራል፣ ቃል ይነገራል፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ውኃ ሊጠጡ ጓሮ ገባ ሲሉ ጦሩ ይወጣል። ከጥቂት ቀናት በፊት የጎረቤታቸው ለቅሶ ላይ ፈረስ በጌጥ ዞሮ ነበር። አጎቴ ደግሞ ፈረስ የለውም፣ ጋሻ የለውም፣ ያለው ያቺ ጠመንጃ ብቻ ናት። እሷ ካልዞረች ሻንካ ባዶውን ሊሄድ ነው። አክስቴ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት "ባዶ እጁን እንዳይቀበርብኝ" ያለችው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ችግሩ ፈቃዱ ነው። አጎቴ ፈቃድ ነበረው፣ ግን በስሙ ነው። ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ጋሽ ወርቅነህ ዘንድ ሮጥኩ። እሳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ "ፈቃዱ ለሰውዬው ነው የተሰጠው። ሰውዬው የሉም። እንግዲህ አንተ ይዘኸው ብትንቀሳቀስ ሕገ ወጥ የጦር መሣሪያ አዘዋዋሪ ነህ ማለት ነው" አሉኝ። "አዘዋዋሪ" የሚለውን ቃል ዜና ላይ ብቻ ነበር የምሰማው። ፖሊስ ጣቢያ ደውዬ ጊዜያዊ ፈቃድ ልጠይቅ ብል ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። መቼ ይወጣሉ ብል ስብሰባው አርባ ምንጭ ነው አሉኝ።

"እንግዲያውስ" አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ "መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ሳይጠይቅህ ቅደምና ተናገር። እጅህን አሳየው፣ ረጋ ብለህ፣ 'የሟች አጎቴን ጠመንጃ ይዣለሁ' በል። የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።"

አብሮኝ የሚያስተምረው የፊዚክሱ ጴጥሮስ ይህን ሲሰማ ሳቀ። "ማን ጠየቀህ ብለህ ትናገራለህ? እነሱ የሚፈልጉት ትርፍ ሰው ነው። አንተ ዝም ብለህ መስኮት መስኮት እይ።"

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም ልክ ሲሆኑ ነው እኔ የምታመመው። ሚስቴ ጥቁር ነጠላዋን እያጣፋች አየችኝና "ወይ ሙሉውን ተናገር ወይ ሙሉውን ዝም በል። አንተን ስለማውቅህ ነው፣ ግማሹን እንዳትናገር" አለችኝ።

የተበላው እድር ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ስለነበር የእኛ የሶዶው እድር ድንኳኑን ሊያውሰን ተስማማ። ማቴ የሚባል ሹፌር ሚኒባሱን ይዞ መጣ፤ ሸራውና የድንኳኑ ብረቶች ፖርቶመጋላው ላይ ተጫኑ። ጴጥሮስ ጠመንጃዋን በአጎቴ ጋቢ እንደተጠቀለለች ወስዶ በብረቶቹ መሃል ከኋላ በኩል ሰካት። "በቃ፣ አሁን ብረት ናት" አለኝ። ለማቴም ለማንም አልተናገርንም። የእድሩ ሰዎች ተጠጋግተው ሞሉ፣ እኔ ጋቢና ገባሁ፣ ሚስቴ ከኋላ ከእናቶች ጋር ተቀመጠች፣ ተነሣን።

ከከተማው ስንወጣ ኬላው ላይ አንድ ሳጅን እጁን አነሳ። ማቴ ቆመ። የእኔ ልብ ግን አልቆመችም፤ እንዲያውም ከመኪናው ቀድማ ወደ ተበላ የሄደች መሰለኝ።

"ሰላም ናችሁ? ምን ጭናችኋል?"

ማቴ "ድንኳን ነው ሳጅን፣ ለቅሶ ነን" አለ።

ሳጅኑ ወደ እኔ አየ። እኔም በጋሽ ወርቅነህ ምክር መሠረት ሁለት እጄን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግቼ ነበር። "እርስዎ ደህና ነዎት?" አለኝ።

"ኢንስፔክተር፣ አንድ እውነት ልነግርዎት እፈልጋለሁ" አልኩ። ከኋላ ሚስቴ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰማሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ጠመንጃ የሚለው ቃል ግን አልወጣ አለ። እውነት ደግሞ ጀምሬያለሁ። "ትርፍ ሰው ጭነናል" አልኩ።

ማቴ ዞሮ አየኝ። ሳጅኑ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ቆጠረ። "ልክ ነዎት" አለ ገርሞት። "ሌላስ?"

ሌላስ ሲለኝ ይኸው በሩ ተከፈተልኝ ብዬ አሰብኩ፤ አሁን እናገራለሁ። "የእጅ ፍሬኑ አይሠራም፣ ኮማንደር" አልኩ። "ተጠባባቂ ጎማው ልሙጥ ነው። የኋላው በር የሚዘጋው በገመድ ነው።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ጦሳው፣ አምላኬ! ይህን ሰውዬ ማን ከፊት አስቀመጠው?" አሉ። ማቴ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ "መምህር፣ ምን በደልኩህ?" አለኝ። እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም። ትልቁ እውነት ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ትንንሾቹን እየገፋ ያስወጣቸዋል። ሳጅኑ ማቴን በቁጣ ገሥጾት ሲያበቃ "ለቅሶ ባይሆን አላሳልፍህም ነበር" አለና ወደ ኋላ ዞረ። እኔም ላብ በላብ ሆኜ ተከተልኩት። ለምን እንደወረድኩ አትጠይቁኝ።

ሳጅኑ ቀና ብሎ ጭነቱን አየ። "ይህ ብረት ወደ ኋላ ወጥቷል። ቀይ ጨርቅ የታለ? ወጣ ያለ ጭነት ቀይ ጨርቅ እንደሚታሰርበት አታውቁም?"

"አናውቅም፣ ኮሚሽነር" አልኩ። በዚያች አጭር ጊዜ ሰውዬውን እስከ የት እንዳደረስኩት አያችሁ።

ከእናቶቹ አንዷ ቀይ ሻሿን ፈትታ በመስኮት አቀበለች። ሳጅኑ ራሱ የኋላውን መከላከያ ረግጦ ወጣ። እኔም ከታች ሆኜ አየሁ። በመንገዱ መንገጫገጭ ምክንያት ከብረቶቹ ሁሉ ተንሸራታ ወደ ውጭ የወጣችው እሷ ናት፤ ጋቢ እንደለበሰች። ሳጅኑ ብረቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰና እሷ ላይ ሲደርስ መታ መታ አደረጋት።

"ይቺ ናት አደገኛዋ" አለ። "ሰው የምትጎዳው ይቺ ናት።" ቀይ ሻሹንም አፈሙዟ ላይ በሁለት ዙር አሰረው።

አሁን ብነግረው ምን እላለሁ? ልክ ነዎት ልበለው? ሳጅኑ ወርዶ እጁን እያራገፈ፣ "በሉ እንግዲህ፣ ፈረቃዬም አብቅቷል። ተበላ ነው የምገባው፣ ይዛችሁኝ ሂዱ" አለ። ማቴ ከእኔ የሚሻል ጎረቤት ያገኘ ይመስል ፈገግ ብሎ በሩን ከፈተለት። በማቴና በእኔ መሃል ገብቶ ተቀመጠ።

ከሶዶ ወደ ሁምቦ ሲወረድ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ለእኔ ግን ሙቀቱ ከቀኝም ከግራም ሆነብኝ። በመስኮት በኩል የሚያልፉትን ጋሪዎች፣ ኮረብታው ላይ እንደገና የበቀለውን ደን አየሁ፤ ጴጥሮስ መስኮት መስኮት እይ ብሎኝ የለ? ሳጅኑ ግን ደግ ሰው ነው፤ ሐዘንተኛ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አይተውም። ምን እንደማስተምር ጠየቀኝ፤ ግብረ ገብ አልኩት።

"ሟቹ ምንዎት ናቸው?"

"አጎቴ። አሳዳጊዬ ነው።"

"እግዚአብሔር ያጽናዎት። ምን ይሠሩ ነበር?"

"በቆሎ ያርስ ነበር። አሳማ ያባርር ነበር። በአሳማ ማባረር የታወቀ ነው።"

"በምን ነበር የሚያባርሩት?"

ማቴ በመስታወት አየኝ። ከኋላ የሚስቴ ጉሮሮ ተሰማ። "በድምፅ" አልኩት። ይህም ውሸት አይደለም። ሳጅኑ "ጎበዝ ሰው ነበሩ" ብሎ ከልቡ አዘነ። እኔ ግን እሱ ባዘነ ቁጥር አፈርኩ። ሰውዬው ክፉ ቢሆንልኝ ምን ነበረበት።

ደረስን። ሜዳው በሰው ሞልቷል፤ ጸሎቱ አልቆ ሽማግሌዎቹ ወደ ጓሮ ገባ ማለት ጀምረዋል፤ ከበሮው ይሰማል። አስከሬኑ ገና ቤት ውስጥ ነው። እኔ እቅድ ነበረኝ፤ ሳጅኑ እስኪሄድ ጠብቄ ጠመንጃዋን በጓሮ በኩል አሾልካለሁ። ግን ሰውዬው መቼ ሄደ? የደንብ ልብሱን እጅጌ ሰብስቦ "ለቅሶ ነው፣ ላግዛችሁ እንጂ" አለ። ፖርቶመጋላው ላይ እጁን ሰደደ። ቀይ ጨርቅ ያላትን ከሦስት አራት ብረት ጋር አቅፎ አወረደና ትከሻው ላይ አደረጋት።

"ይተዉት ኮሚሽነር፣ ይከብድዎታል!" ብዬ ተከተልኩት።

"ምን ይከብደኛል" ብሎ በሕዝቡ መሃል መራመድ ጀመረ። ለቅሶተኛው ለፖሊስ መንገድ ይለቃል። እንዲህ ሆኖ ሕገ ወጡ የጦር መሣሪያ በፖሊስ ትከሻ፣ በሙሉ ክብር፣ እስከ ሜዳው መሃል ደረሰ።

አክስቴ ከሴቶቹ መሃል ቀና ስትል አየችን። እኔን አይደለም ያየችው፣ ሳጅኑንም አይደለም። ጋቢውን ነው ያየችው። "የሻንካ ጋቢ!" ብላ እየጮኸች ሮጣ መጣችና ከነተሸካሚው አቀፈችው። ፊቷን ጋቢው ላይ ቀብራ አለቀሰች። ሳጅኑ ግራ ገብቶት እንደቆመ በአንድ እጁ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋታል። እሷ ስትስብ ጋቢው ተንሸራተተ። መጀመሪያ ቀይ ሻሹ፣ ከሻሹ ሥር አፈሙዙ፣ ከአፈሙዙ በኋላ በሽቦ የታሰረው ሰደፍ ታየ። ከበሮው ቆመ።

ያኔ ነው ጉሮሮዬ የተከፈተው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ፤ አልጋ ሥር እንደነበረች፣ ፈቃዱ በሟች ስም እንደሆነ፣ ኃላፊው አርባ ምንጭ እንደሄዱ፣ በድምፅ ያልኩት ምን ማለቴ እንደሆነ።

ሳጅኑ ብረቶቹን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና ጠመንጃዋን ለብቻዋ ያዘ። "መምህር፣ ኬላው ላይ ምን ጭናችኋል ብዬ አልጠየቅኩም?"

"ጠይቀዋል።"

"ስለ ጎማው ነገሩኝ። ስለ ፍሬኑ ነገሩኝ።"

"ነግሬዎታለሁ።"

ወደ ሰማይ አዙሮ መቀርቀሪያዋን በግድ ሳባት። ጥይት የለም። የወጣው የበቆሎ ፍሬ ነው፤ አይጥ ጎተራ አድርጋታለች። ሳጅኑ ፍሬዎቹን መዳፉ ላይ አየና "ፈቃድ ያለው ሰው እዚህ አለ?" አለ።

"አለ" አልኩት ወደ ቤቱ እያመለከትኩ። "ግን የሞተው እሱ ነው።"

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ አባት ከጓሮ ብቅ አሉ። ጦር ሲዞር ማየት የማይፈልጉት እሳቸው "ልጄ፣ አንድ ዙር ብቻ ትዙርለት። ከዚያ ውሰዳት" ብለው ለመኑ። ሳጅኑ ራሱን ነቀነቀ። "አባቴ፣ አልችልም። ፈቃድ ለሌለው ሰው አሳልፌ አልሰጥም። ይህ ከአሁን ጀምሮ ኤግዚቢት ነው፣ ከእጄ አይወጣም።"

ያሳደገኝ ሰው በእኔ ግማሽ እውነት ምክንያት ባዶውን ሊቀበር ነው። ብረቶቹ ላይ ቁጭ አልኩ። አክስቴ ግን እንባዋን በጋቢው ጠርጋ ሳጅኑን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። አማርኛ ብዙም አትናገርም፣ የተናገረችው ግን በቃ።

"ከእጅህ አይውጣ" አለችው። "አንተ ያዘው። አንተ ዙር።"

ሳጅኑ ወደ እኔ አየ፣ የሕጉን መልስ ከእኔ የሚጠብቅ ይመስል። እኔ ምን አውቃለሁ። ወደ ሽማግሌው አየ፤ እሳቸው ውኃ ሊጠጡ ዞረዋል። ጦር የያዙት ሰዎች ሰልፋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ኮፍያውን አስተካከለ። ጠመንጃዋን ትከሻው ላይ አደረገና መራመድ ጀመረ።

መጀመሪያ የሚራመደው እንደ ሰልፍ ነበር፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ከበሮው እንደገና ሲመታ ወንዶቹ ከኋላው ገቡ። በሜዳው ግማሽ ላይ እርምጃው ከከበሮው ጋር መሄድ ጀመረ፣ ቀይ ሻሹም አፈሙዙ ላይ ይውለበለባል። "አሳማ ገዳዩ ሻንካ!" እያሉ ይፎክራሉ። አክስቴ ከፊታቸው እጇን ዘርግታ ወደ ቤቱ በወላይትኛ እየጮኸች ታለቅሳለች፦ "ሻንካ፣ ተነስና እይ! የጎረቤታችንን ፈረስ ተራ ሰው ነው የሳበው፣ ያንተን ጠመንጃ መንግሥት ተሸከመልህ! ተነስና እይ!" እኔም እዚያው ብረቱ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዙሩ አንድ አልነበረም፤ ሳጅኑ ራሱ ነው ሁለተኛውን የቀጠለው።

ከቀብር በኋላ ጠመንጃዋን ለማስረከብና ቃሌን ለመስጠት ከሳጅኑ ጋር በማቴ ሚኒባስ ወደ ሶዶ ተመለስን። ወራሾቹ በደንቡ እንዲያመለክቱ ነገረኝ። ጠመንጃዋን ጉልበቱ መሃል ይዟል፤ ሻሹን መፍታት ረስቷል።

"ሳጅን፣ ጠዋት ብነግርዎት ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?" አልኩት።

"እዚያው እይዛት ነበር።"

"ለቅሶው ላይ አትደርስም ነበር ማለት ነው።"

"አትደርስም።"

"እንግዲያው አለመናገሬ ደግ ሆነ?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"መናገር ነበረብኝ?"

"መምህር፣ ግብረ ገብ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ኬላው ላይ ሌላ ፖሊስ እጁን አነሳ። ማቴ ቆመ። ፖሊሱ በመስኮት ጎንበስ ሲል ባልደረባውን አየ፣ ጠመንጃዋን አየ፣ ቀይ ሻሹን አየ። "ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

ሳጅኑ ዓይኑን ሳይገልጥ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። "ይንገሩት። አሁን ሙሉውን።"

ሙሉውን ጀመርኩ። ከኋላችን የቆሙት መኪኖች ጡሩምባቸውን ሲያምባርቁ እኔ ገና አጎቴ ፍየሏን የገደለበት ጋ ነበርኩ።